ሞተሩን ሳላጠፋ

ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 2009 ዓ.ም.

ውድ ሰዓድ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እናትህም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ አፋቸው እንደምታውቀው ነው።

ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ስለተቆጣሁ ነው። ደብዳቤ የምጽፍልህም ስለተቆጣሁ ነው። ስልክ ብደውልልህ አንተ እዚያ ማጂ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ ስትዞር፣ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» ስትል ካርዱ ያልቃል። እኔም ስንት ነገር ላወርድብህ አስቤ «በላህ? ብርዱ እንዴት ነው?» ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ሰሞኑን ሸዋንግዛው ከማጂ ሲመለስ አይሱዙውን ሱቄ ፊት ለፊት ገተረው። መውረድ እንኳ አልፈለገም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ደንበኞቼ ሁሉ እየሰሙ መልእክትህን ለቀቀው።

«ሁስና! ሰዓድ ማጂ ጤና ጣቢያ አንድ ዓመት ጨምሯል። ፈርሟል! መኪናዋን ሽጪያት ብሎሻል። አልሸጥም ካልሽ ደግሞ ያንን የጭስ ፊልትሮ አስቆርጠሽ ጣዪውና ተገላገዪ ብሎሻል።»

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ የለም። ሰላም በልልኝ ብሏል።»

ሰላም በልልኝ! አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ። ባሌ ተጨማሪ አንድ ዓመት እንደማይመጣ የሰማሁት ኮረሪማ እየመዘንኩ ነው። ሴትዮዋ ሚዛኑን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታየው። «ዓይኔ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ገባ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ማንም አላመነኝም።

ማታ ግን የከነከነኝ ዓመቱ ብቻ አይደለም። ፊልትሮው ነው። ሌላ ሰው «አስቆርጪው» ቢለኝ አይገርመኝም፤ አገሩ በሙሉ የሚያደርገው ነው። አንተ እንዴት ትላለህ? ረስተኸው ነው?

ጅማ ላይ ያ ፕሮጀክቱ ያለቀበት ድርጅት ፒካፖቹን ሲሸጥ እኮ አብረን ነበርን። ሾፌራቸው ቁልፉን ሲሰጥህ ልጁን እንደሚድር አባት ነበር የሚመክርህ። «ይቺ እንደ ድሮዎቹ ናፍጣዎች አይደለችም። ጥቁር ጭሷን ሰው ላይ አትተፋም፤ ጥቀርሻውን ማርሚታዋ ውስጥ ባለ ፊልትሮ ታጠራቅመዋለች። ሲበዛባት ራሷ ታቃጥለዋለች። ግን ለማቃጠል በደንብ መጋል አለባት፤ ለመጋል ደግሞ ረጅም መንገድ፣ ያለ ማቆም። ከተማ ለከተማ ብቻ ካመላለስካት ታፍናለች። ይቺ ቢጫ መብራት ስትበራ ጥሩ አስፋልት ይዘህ ውጣ። ማቃጠል ከጀመረች ደግሞ፣ አደራህን፣ ሞተር እንዳታጠፋ።»

አንተ በሳቅ ሞትክ። «ያለ ጉዳይ መንገድ የምትወድ መኪና ገዛሁ!» አልከኝ።

ሚዛን ውስጥ መኪናዋ ከመጋዘን ሱቅ፣ ከሱቅ ወፍጮ ቤት ኬሻ ከማመላለስ ሌላ ሥራ አልነበራትም፤ መብራቷ ብዙም ሳይቆይ በራ። ከዚያ እሁድ እሁድ በቦንጋው አስፋልት መውጣት ጀመርን። ጎረቤቱ ተጨነቀ። «ቦንጋ ዘመድ አላችሁ?» የለንም። «ለቅሶ ነው?» አይደለም። «ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው?» ጥቀርሻ ልናቃጥል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ባልና ሚስት ናፍጣ ሞልተው፣ ምንም ሳይጭኑ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ዋቻ ደርሰው የሚመለሱት ለጤና ነው ብሎ ማን ያምናል?

እውነቱን ግን እኔና አንተ እናውቃለን። በዚያ ቤት ውስጥ ብቻችንን ሆነን አናውቅም ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ከአጋሮ የመጣ እንግዳ፣ ጓዳ ውስጥ የአክስትህ ልጆች፣ ቴፒ የሚማሩት ልጆች ደግሞ ለእረፍት ሲመጡ ኮሪደሩ ላይ። መኝታ ቤታችን በኮምፔንሳቶ ነው የተከፈለው፤ አንተ ስታስነጥስ ከወዲያ «የርሐሙከላህ» ይሉሃል። ባልና ሚስት ሆነን የተነጋገርነው ከሸዋ ቤንች ወዲያ ባለው አስፋልት ላይ ነው። ሞተሩ ሲግል፣ ያ የቆርቆሮ ሽታ መጥቶ ማራገቢያው ሲጮህ፣ መቆም ክልክል ሲሆን፣ ያኔ ነው አፍህ የሚከፈተው።

የዚያችን እናት ነገር የነገርከኝ እዚያ ነበር። በወሊድ እጅህ ላይ ያረፈችውን። እየነዳህ እንባህ ወረደ። «አቁም፣ ሰዓድ፣ ትንሽ አቁም» ብልህ «አልችልም፣ እየነደደ ነው» አልከኝ። እንባህን በቀኝ እጄ እየጠረግሁልህ ዳገቱን ጨረስን። «ልጅ ባይኖረንስ?» ብዬ የጠየቅሁህም እዚያ ነው። ሌላ ቦታ አፌን ሞልቼ ብዬው አላውቅም። አንተ እጅህን ከማርሹ ላይ አንስተህ እጄን ያዝክና «እኔ ያገባሁት አንቺን ነው» አልከኝ። አራተኛ ማርሽ መግባት ሲገባት በሦስተኛ ስታጓራ ቆየች፤ አልለቀቅከኝም።

እኔንም መንዳት ያስተማርከኝ እዚያው ነው። ፍሪሲዮን ስለቅ ስትዘል «ያ ሰላም!» እያልክ ጣራውን ትይዝ ነበር። ማጂ መመደብህን የነገርከኝም እዚያው መንገድ ላይ ነው። «አንድ ዓመት ብቻ፣ ሁስኒ። ክረምቱን ልወጣና እመለሳለሁ» አልክ። እኔም አመንኩህ።

ከሄድክ በኋላ መብራቷ በራ። አንዲት ባሏ የሌለባት ሴት እሁድ እሁድ ብቻዋን ያለ ጉዳይ መኪና ይዛ ወጣች ቢባል የዚህን ከተማ አፍ ማን ይችለዋል? እናትህ መፍትሔ አመጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ መንዳት ስታስተምረኝ ትቀመጥበት የነበረው ወንበርህ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። «እኔ ካለሁ ማን ምን ይላል!» አሉ።

እውነትም ማንም ምንም አላለም። ችግሩ ሌላ ነው። እናትህ ከዚህ እስከ ቦንጋ የማያውቁት ሰው የለም።

ገና ከከተማ ሳንወጣ አንድ ሽማግሌ። «አቁሚ ልጄ፣ የሰዓድ አባት ጓደኛ ነው።» አቆማለሁ። ሞተሩን አላጠፋም። ዞር ብለው ያዩኛል። «አጥፊው እንጂ! ሰው ነው እኮ!» አገራችንን ታውቀዋለህ። ሞተር እያጓራ ሰላም ማለት «ላንተ ጊዜ የለኝም» ብሎ ፊት መንሳት ነው። ትልቅ ሰው ከሆነማ አጥፍተህ፣ ወርደህ፣ ጎንበስ ብለህ ነው። ስለዚህ አጠፋለሁ፤ እንወርዳለን። የልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የከብቱ፣ የቡናው ደህንነት ይጠየቃል። እንነሳለን። መኪናዋ ገና መጋል ስትጀምር አንዲት ሴትዮ ከማሳ ብቅ። «አጥፊው ልጄ፣ ሰው ነው እኮ!» ሸዋ ቤንች ስንደርስ ደግሞ የልብ ጓደኛቸው ወይዘሮ በየነች አለች፤ እሷ ጋ ወርዶ ቤት ሳይገቡ፣ ቡና ሳይቀምሱ ማለፍ የለም።

«እማ፣ ስትነድ ማጥፋት አይሆንም፤ ሰዓድ አደራ ብሎኛል» እላቸዋለሁ።

«ሰዓድ ሰው አልፈሽ ሂጂ ብሏል? የእኔ ልጅ?» ይሉኛል። ሞተሩን አጠፋለሁ።

እንዲህ እያልን ከረምን። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ባለፈው ወር አንድ ቀን ኬሻ ጭኜ ዳገቱን ስወጣ ጉልበቷ እልም አለ። ነዳጅ ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ ወይ ፍንክች። ሙዝ የጫነ አህያ ቀደመኝ፤ ባለቤቱ ደግሞ «አይዞሽ» ብሎኝ አለፈ። እንደምንም እየተሳበች ወልደአማኑኤል ጋራዥ ገባች።

ወልደአማኑኤልን ታውቀዋለህ፤ ነገር አያስረዝምም። ታች ገብቶ ወጣና «ታፍናለች» አለኝ። «ፊልትሮውን እቆርጠዋለሁ፣ ሆድ ዕቃውን አወጣለሁ፣ ባዶውን መልሼ እበይደዋለሁ። ትንሽ ጭስ ይኖራታል እንጂ ከዚያ ወዲያ ረጅም መንገድ፣ አስፋልት፣ ምናምን የለም። ተገላገልሽ ማለት ነው።»

እምቢ ብዬ መኪናዋን እዚያው አቁሜያት ሄድኩ። መበላሸቷን በሸዋንግዛው ላክሁብህ፤ ያንተ መልእክት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የወልደአማኑኤል «ተገላገልሽ» ካንተም በሸዋንግዛው አፍ «ተገላገዪ» ተብሎ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ካልፈለገው እኔ ምን አገባኝ አልኩና በማግስቱ ጋራዥ ሄጄ «ቁረጠው» አልኩት።

እናትህ ተከትለውኝ መጥተው ነበር። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ያያሉ። ወልደአማኑኤል መቁረጫውን ሰክቶ ታች ሲገባ ጠሩኝ።

«ምንድነው የሚቆርጠው?»

«ፊልትሮውን፣ እማ።»

«ከተቆረጠ በኋላ እሁድ እሁድ መውጣት የለም?»

«የለም። መንገድ አያስፈልጋትም።»

«የተበላሸው በምንድነው?»

«እየነደደ ሞተር ሲጠፋ ነው፣ እማ» አልኳቸው።

«እኔ አጥፊው ስልሽ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ያ ረቢ! በሰላምታ ነዋ የገደልነው!» አሉና ተነሱ። ጉልበታቸውን ረሱት። ከመኪናው ሥር የወጣውን የወልደአማኑኤልን ጫማ በከዘራቸው ጠቅ ጠቅ። «አንተ! ውጣ ከዚያ! ውጣ ነው የምልህ! የልጄን ዕቃ አትቆርጥም!»

ወልደአማኑኤል ዘይት በዘይት ሆኖ ወጣ። ሳቁን አፍኖ «እትዬ፣ እንግዲያው አንድ እድል ብቻ ነው ያላት» አለ። ኮምፒውተሯ ላይ የተመዘገበውን ስህተት በመሣሪያው ደመሰሰላት፤ ጉልበቷ ለጊዜው ይመለሳል አለን። «እስክትጨርስ ሳትቆሙ ከነዳችኋት ምናልባት ጥቀርሻው ይቃጠላል። መሐል ላይ ካጠፋችሁ ግን ወደኔ ነው የምትመለሱት፤ ያኔ ከዘራ አልፈራም።»

እሁድ ወጣን። እናትህ እስከ ከተማው መውጫ ሰው እንዳያዩ ይሁን እንዳያይዋቸው እንጃ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋታል። ሸዋ ቤንች ስንቃረብ ያ ሽታ መጣ። ማራገቢያው ጮኸ። መንደድ ጀመረች። ቀና ስል ወይዘሮ በየነች መንገድ ዳር ቆማ እጇን ታወዛውዛለች።

«እማ፣ ልቁም?» አልኳቸው። ወላሂ፣ ቁሚ ቢሉኝ እቆም ነበር።

የበሩን እጀታ ጨብጠዋል። «ንጂ!» አሉኝ። ከዚያ መስኮቱን አውርደው ከወገብ በላይ ወጡ። «በየነች! በየነች እኅቴ፣ ይቅር በዪኝ! አንቆምም! እየነደደ ነው!»

«ኧረ ምኑ ነው የሚነደው?»

«እኔ ምን አውቄ! ስመለስ እነግርሻለሁ!»

አልፈናት ሄድን። እናትህ ተመልሰው ሲቀመጡ እንባቸው ከሳቃቸው ጋር ተቀላቅሏል። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አልፌ ሄጄ አላውቅም» አሉኝ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው፤ አንተ እንዳስተማርከኝ፣ ሞተሯ ከፍ ብሎ እያጓራ። እኔ መብራቷን አያለሁ፤ እሳቸው እኔን ያያሉ።

«እዚህ ጋ ስትደርሱ ምን ታወሩ ነበር?» አሉኝ ድንገት።

«ሁሉንም፣ እማ።»

«እኔ ልጄ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም» አሉ። «ቤቴ ሰው አይጎድልበትም እያልኩ እኮራ ነበር። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥግ ፈልጎ ይቀመጥ ነበር። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማጂ የሄደው ለሥራ ነው ወይስ ከቤቴ ጫጫታ ሸሽቶ ነው?»

«ለሥራ ነው፣ እማ።»

«ዓመቱን የጨመረውስ?»

መብራቷን ማየት ቀጠልኩ። «አንቺም አታውቂም» አሉ። አላውቅም፣ ሰዓድ። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ስለማላውቅ ነው። እዚያ የሚወልዱትን ሴቶች ጥለህ መምጣት ከብዶህ ነው? ዝምታ አግኝተህ ጣፍጦህ ነው? ወይስ ከእኔ ነው የራቅከው? የመጀመሪያውን ብትነግረኝ እኮራብሃለሁ። ሁለተኛውን ብትነግረኝ ይገባኛል። ሦስተኛውን ግን በሸዋንግዛው እንዳትልክብኝ፤ እሱን ራስህ ነው የምትነግረኝ።

ዋቻ ልንደርስ ስንል ማራገቢያው ዝም አለ። ቢጫዋ ጠፋች። ነዳጅ ብረግጥ ሽምጥ ጋለበች። «እሰይ! እሰይ!» ብዬ መሪውን መታሁት፤ እናትህ እልል አሉ። ስንመለስ ምን ብናይ ጥሩ ነው? ወይዘሮ በየነች የሰፈሩን ሰው ሰብስባ፣ ውኃ የሞላ ጀሪካን አስደርድራ መንገድ ዳር ትጠብቀናለች። መኪናችን በእሳት የተያያዘ መስሏት! ያኔ ሞተሩን አጠፋሁ። ወረድን። ቡናውንም ጠጣን። እናትህ «የሚነደው ከሆዷ ውስጥ ነው» ብለው ሲያስረዱ፣ በየነች «እንደኛ ነቻ» አለች።

ናፍቀኸኛል። ይኸው አልኩት። ተቆጥቼ ነው የጀመርኩት፤ አሁን ግን ቁጣው አልቆ የቀረው ናፍቆቱ ነው። ወንበርህን ወደፊት አልሳብኩትም፤ እናትህ እግራቸው መሬት ባይደርስም «ይቅር፣ እሱ ሲመጣ ይቸገራል» ይላሉ። እየነዳሁ አንዳንድ ነገር ልነግርህ ዞር እላለሁ። ማታ እንግዶቹ ሲስቁ፣ ያ ኮምፔንሳቶ ሲንቋቋ፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሐል አንተ ብቻ ስለሌለህ ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል።

ስለዚህ ልመጣ ነው።

አትደንግጥ፣ አስቤበታለሁ። ወደ አንተ የሚያመጣው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ከጀሙ በኋላ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ የለም፤ ቀኑን ሙሉ እየተሳቡ ነው። ለዚች መኪና መርዝ ነው። ጥሩው አስፋልት ደግሞ ካንተ የሚያርቀው ነው። ምን ይደረግ፤ በመጪው ቅዳሜ ጀርባዬን ሰጥቼህ ወደ ዋቻ እነዳለሁ። ጥቀርሻዋን አራግፌ፣ ንጹሕ አድርጌያት፣ እሁድ ጠዋት ፊቴን ወደ ማጂ አዞራለሁ። ከቱም በላይ ያለውን ዳገት ሸዋንግዛው ከፊት ከፊቴ እየሄደ ያሳየኛል። እናትህ አብረውኝ ናቸው፤ ቅሪ ብላቸው የሚቀሩ መስሎሃል?

ጤና ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ክላክስ አደርጋለሁ። ሞተሩን ግን አላጠፋም። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰው ምን ይላል አትበለኝ። ውጣና ከሁለት አንዱን አድርግ። ወደ ቤት የምትመለስ ከሆነ በዚያኛው በር ግባ፤ እማ ቦታህን ለቀውልህ ከኋላ ይሆናሉ። ወልደአማኑኤል መኝታ ቤታችንን በብሎኬት የሚሠራልን ግንበኛ አግኝቶልናል፤ ይህም የእናትህ ሐሳብ ነው። ሥራዬን አልተውም፣ እዚያው እቆያለሁ የምትል ከሆነና እኔን ግን የምትፈልገኝ ከሆነ፣ እጅህን በመስኮቴ አስገባና ቁልፉን አዙረህ ሞተሩን ራስህ አጥፋው። ሻንጣዬን ከኋላ ጭኛለሁ። እማን ሸዋንግዛው ይዟቸው ይመለሳል፤ ሱቁን ከአክስትህ ልጆች ጋር ሆነው ይይዙልኛል። ተነጋግረናል።

ሁለቱንም ካላደረግህ፣ መንገድ ላይ እንዳገኘሁት ሰው በመስኮት ሰላም ብዬህ አዞራለሁ።

ይህችን የመጨረሻዋን ለእማ ሳነብላቸው ከዘራቸውን ያሹ ነበር። «አጥፊው፣ ሰው ነው እኮ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ምን አሉኝ መሰለህ? «እኔ ወርጄ ሰላም እለዋለሁ፤ ልጄ ነው። አንቺ ግን እሱ ካላጠፋው እንዳታጠፊው።»

እሁድ አመሻሽ ላይ ጆሮህን ወደ መንገዱ ጣል አድርግ። ድምፅዋን ታውቀዋለህ።

ያንተዋ
ሁስና